ከሽፋኑ ላይ የወጣችው ስም

በእኛ ግቢ የግሩፕ ሥራ ማለት አንድ ሰው ይሠራል፣ አምስት ሰው ማርክ ይወስዳል ማለት ነበር። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ግን ማንኛውም ተማሪ በገባ በመጀመሪያው ወር ያውቀዋል። የሰው ስም ከሽፋን ላይ ማስቀረት ነውር ነው። ሠርግ የሄደም፣ ታሞ የተኛም፣ አሳይመንቱ ስለ ምን እንደሆነ የማያውቅም ስሙና የመታወቂያ ቁጥሩ ይጻፍለታል። እኔ ይህን ደንብ ያፈረስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ፤ ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ ማክሰኞ።

እንደ ሌላው ቀን ሁሉ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሳሁ፤ ውሃ የሚመጣው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። በዶርማችን ማለዳ የሚሰማው የባልዲ ኳኳታና እርግማን ነበር። ከእኔ በታች ያለው አልጋ ግን እንደተነጠፈ ነው። የአልጋው ባለቤት ጓደኛዬ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከሰርቦ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለ መንደር የመጣች ልጅ ናት፤ ኅዳር በመጣ ቁጥር ትጠፋለች። የቀላ ቡና ዛፍ ላይ ሆኖ ሰው አይጠብቅም። እናቷ ብቻቸውን ናቸው፣ ወንድሞቿ አገር ጥለው ሄደዋል፣ ለቃሚ አይገኝም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ባለፈው ሴሚስተር በዎርኒንግ እንዳለፈችና አንድ ኮርስ ከወደቀች እንደምትባረርም አውቃለሁ። አላወቅኩም ነበር ብዬ የማመካኝበት ነገር የለኝም።

እኔ ጅማ መርካቶ፣ በእናቴ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ቡና ስጠጣ እንጂ ስለቅም ማንም አላየኝም። የአሳይመንታችን ርዕስ ደግሞ ገበሬው ቡናውን ለማን ይሸጣል፣ ለምንስ ለዚያ ሰው ይሸጣል የሚል ነበር። አሥር ገበሬ ጠይቆ መጠይቁን መሙላት የእሷ ድርሻ ሆነ፣ መጻፉ የእኔ። የቀሩት ሦስቱ እንደ ደንቡ ስማቸውን አዋጡ። ሐሙስ መጠይቆቹን ይዛ ስትሄድ "እሁድ እዚህ ነኝ፣ ወላሂ፣" አለችኝ። እሁድ አልመጣችም። ሰኞም አልመጣች። ስልኳ ዝግ ነው።

ካፌ ለቁርስ ስንሰለፍ ከሦስቱ አንዱ ከፊቴ ነበር።

"አለቀ?" አለኝ።

"አላለቀም።"

"አንቺ እያለሽማ ምን እንሆናለን!" አለና ዳቦውንና ሻዩን ይዞ ሄደ።

ሁለት ሰዓት ላይ ሌክቸር ገባን። መምህሩ ስላይድ ያነባል፣ እኛ ስላይዱን ፎቶ እናነሳለን። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አሥር ገበሬ እፈጥር ነበር። ጠረጴዛ ላይ መሙላት ይባላል፤ እሱም የግቢ ወግ ነው። አንዱን የስድስት ልጆች አባት አደረግሁት፣ አንዷን ባሏ የሞተባት አደረግኋት፣ እስክሪብቶ ቀያየርኩ፣ የእጅ ጽሑፌን አጣመምኩ። ቡናቸውን ሁሉም ለአንድ ሰብሳቢ ነጋዴ ይሸጣሉ አልኩ። ለምን ለሚለው "መንገድ ስለሌለ" ብዬ ሞላሁ። ስጨርስ አንጀቴ አሮ ነበር። የሦስቱ ስንፍና አልነበረም ያናደደኝ፤ ከእነሱ ምንም አልጠበቅሁም። የተማመንኩት እሷን ብቻ ስለነበር ንዴቴ ሁሉ በእሷ ላይ ሆነ።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለችው ፕሪንት ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ሽፋኑን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ፣ "ስሞቹን አይተሽ አረጋግጪ። ከታተመ በኋላ ይቀየር ብትይ አልሰማሽም፣" አለችኝ።

አምስቱንም ስሞች አየኋቸው።

"የመጨረሻዋን አጥፊያት፣" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። የስንቱን ግሩፕ ሽፋን ያተመች ሴት ናት፤ ስም ጨምሪ እንጂ አጥፊ የሚላት አይመጣም።

"ተጣላችሁ እንዴ?"

"አልሠራችም።"

አጠፋቻት። ምን ይደበቃል፣ ደስ አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ያቺን የካፌ ሽሮ እንኳ ጥርግ አድርጌ በላኋት።

ስምንት ሰዓት ላይ መምህሩ ወረቀቶቹን ሲሰበስብ የየግሩፑን ሽፋን እያየ ነበር። የእኛ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

"አምስት አልነበራችሁም?"

"አንዷ አልተሳተፈችም፣ ቲቸር።"

መምህሩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየና "አያችሁ? ሐቀኛ ተማሪ ማለት እንደዚህ ነው፣" አለ። በጁ የያዘው ወረቀት ውስጥ የሌሉ አሥር ገበሬዎች ነበሩ። ያ ጠዋት ዳቦውን ይዞ የሄደው ልጅ አንገቱን ደፋ። እኔ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ዶርም ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አላወለቀችም። ጣቶቿ በእሸት ቡና ጭማቂ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል።

"አካም ጂርታ፣ ሂሪያ ኮ!" ብላ በኦሮምኛ ጓደኛዬ እንዴት ነሽ አለችኝ። "ይቅር በይኝ አቦ፣" ስትል ቀጠለች። "መብራት ከጠፋ አራት ቀኑ፣ ስልኬ ሞተ። ቀን ቀን ስንለቅም ነው የምንውለው፤ ሰው የሚገኘው ቡናውን ሊያስረክብ ሲሰለፍ ነው። እዚያው ሰልፉ ላይ እየዞርኩ ጠየቅኳቸው። ዛሬ ደግሞ መኪና አጣሁ። ረፍዷል አይደል? ከተቀበለሽ ጨምሪበት።"

በፌስታል ጠቅልላ ያመጣቻቸውን አሥር መጠይቆች ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኳቸው። ቡናዎን ለምን ለዚህ ሰው ይሸጣሉ ለሚለው አንደኛው ገበሬ "ልጄ ስትታመም በመኪናው ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ እሱ ነው" ብለዋል። አንዷ እናት "አባቱ ከአባቴ ጋር ይሠሩ ነበር" ብለዋል። ስለ መንገድ ያነሳ አንድም ሰው የለም።

ስሜን አስገባሽልኝ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። እኛ ጋ የሚጠየቅ ነገር አይደለማ።

ወረቀቶቹን ይዤ ወደ መምህሩ ቢሮ ሮጥኩ። እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር የሄድኩት። በሩ ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ እነዚህ አሥሩ የእሷ ናቸው ካልኩ፣ ያስገባሻቸው አሥሩ ከየት መጡ ይለኛል። ወረቀቶቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

"ምን ነበር?" አለኝ።

"ውጤት መቼ እንደሚለጠፍ ልጠይቅ ብዬ ነው፣ ቲቸር።"

"አንቺ ምን ያሳስብሻል?" አለኝ፣ እየሳቀ።

የካቲት ላይ ውጤት ተለጠፈ። እኔ ኤ አገኘሁ፤ እሷ ወደቀች። የሚለጠፈው ፊደል ብቻ ስለሆነ ማርኩ ከየት እንደጎደለ አይታወቅም፤ ከክፍሉም ስሟ መቅረቱን የነገራት የለም፤ ፈተናው ነው የጣለኝ ብላ አመነች። ፍራሿን አስረክባ፣ ክሊራንሷን አስፈርማ ስትጨርስ ሻንጣዋን እስከ ባጃጁ ተሸከምኩላት። አንገቴን አቀፈችኝ።

"ገላቶሚ፣" አለችኝ፤ ሲከፋትም ሲደላትም የምታመሰግነው በኦሮምኛ ነው። "የግሩፕ ሥራ ሁልጊዜ አንቺ ባትይዢልኝ ኖሮ እኮ አምና ነበር የምባረረው።"

"ምንም አይደል፣" አልኳት።