ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር

ከመገናኛ ወደ ላምበረት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን ከፍታ ጌም ታያለች። የአውቶብስ ሞተር ስሰማ ፈገግ አልኩ፤ የልጄ ቻናል ነው፣ አውቶብስ የመንዳት ጌም የምታስተላልፍበት። "ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለች ትጣራለች ልጄ። ይቺ እኮ የኔ ናት ልላት አፌን ስከፍት፣ ከዚያው ስልክ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

"ላምበረት ውረድና ወፍጮ ቤቱን ጠይቅ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አረንጓዴ በር ነው። ከጠፋብህ፣ ሴትዮዋና ልጇ ብቻቸውን የሚኖሩበት በላቸው፣ ያሳዩሃል።"

ያን ቀን የውሃ ሮቶአችን አፍስሶ ነበርና ለሚጠግነው ሰው በስልክ መንገድ ስመራው ነው። እኛ ዘንድ ቤት በቁጥር አይገኝም። በወፍጮ ቤት ነው፣ በዛፍ ነው፣ በሰው ነው የሚገኘው። ደግሞ ስልክ ስናወራ መጮህ ልማዳችን ነው። ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ በቀጥታ እያስተላለፈች ስትነዳ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቁጭ ብዬ ቤታችንን ለአገር ነገርኩ።

ከሚሰሙት መካከል የምፈራው አንድ ሰው ነበራ።

ቻናሉ ትንሽ ነው። አባቷ በሕይወት እያለ ከላምበረት ደሴ አውቶብስ ይነዳ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ልጅቷ አሮጌ አውቶብስ የሚነዳበት ጌም አገኘች። ተኩስ የለው፣ ሩጫ የለው፤ መንገድ ብቻ። መንገዱም የሌላ አገር ነው፤ እሷ ግን ዳገቱን ጣርማ በር ትለዋለች፣ ከተማ ሲደርስ "ደብረ ብርሃን ነን፣ ቁርስ ያልበላ ይውረድ!" ትላለች፣ እንደ አባቷ። መጀመሪያ የምናያት እኔና እህቴ ብቻ ነበርን። ማን ሥራ ፈት ይሄን ያያል እል ነበር በሆዴ። ቀስ በቀስ ሹፌሮች መጡ፣ የሹፌር ሚስቶች መጡ፣ "ፍሬን አታብዢ፣ በማርሽ ያዢው" የሚሉ ጡረተኞች መጡ። ተሳፋሪዎቼ ትላቸዋለች። ለእያንዳንዱ መልስ ትጽፋለች። ሌላ ጌም ብትጨምሪ ሰው ይበዛልሻል ሲሏት፣ "የኔ ተሳፋሪ ለመንገዱ ነው የመጣው" ትላለች።

ያ ሰውም እንደ ተሳፋሪ ነው የመጣው። መጀመሪያ አመሰገናት። ቀጥሎ የት ነው የምትኖሪው አለ። ከዚያ በየጉዞው ይህንኑ ብቻ መጠየቅ ሆነ ሥራው። አንድ ቀን ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችና "ወንድሜ፣ ፌርማታህ አልፎሃል፣ ውረድ!" አለችው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀበት። "በሰው ፊት አዋረድሽኝ፤ አገኝሻለሁ" ብሎ ጻፈ። ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከታክሲው ወርጄ በሩጫ ቤት ገባሁ።

"እማዬ፣ ተረጋጊ፤ ያንን ቦታ ቆርጬ አወጣዋለሁ" አለችኝ።

"የሰማውን ጆሮስ ቆርጠሽ ታወጪዋለሽ?"

የተሳፋሪዎቹን ጽሑፍ ወደ ታች ማየት ጀመረች። አንዱ ጋ ስትደርስ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፤ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት። "አረንጓዴ በር። እሺ።" ይላል ያ ሰው።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ጽሑፉን ተቀብለው ከመጣ ደውሉ አሉና የስልክ ቁጥራቸውን ሰጡን። ከመጣማ ምን ቀረኝ? ስለዚህ ሰፈሩን መዞር ጀመርኩ። በሰፈራችን ቤት ለጠየቀ እንግዳ ጣት መቀሰር ነውር ነው፤ ሥራን ጥሎ፣ እጁን ይዞ በሩ ድረስ ማድረስ ነው ወጉ። እኔ ደግሞ ወጉን ተዉልኝ ልል ነው።

"ጋሼ፣ ቤታችንን የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አላውቅም ይበሉልኝ" አልኳቸው ባለወፍጮውን።

"እኔ? አላውቅም? ሰፈሩ እኮ እኔን ነው የሚጠይቀው! ጃጀ አይሉኝም?"

"ይበሉ፣ ግድ የለም።"

"በይ እንግዲህ፣ ለአንቺ ስል ጃጅቻለሁ።"

በሩን ቡኒ ልቀባውም አስቤ ነበር። ባለሱቋ፣ "ያኔ ደግሞ አረንጓዴ የነበረው ቡኒ በር እንላለና" ስትለኝ ተውኩት።

እሷ ስታስተላልፍ ቤት ውስጥ ንግግሬ በእጅ ምልክት ሆነ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነስቼ መቀርቀሪያውን አረጋግጣለሁ። "ቻናሉን ብትተዪውስ?" አልኳት። "አባዬ ዳገት ላይ ተሳፋሪ ጥሎ ያውቃል?" አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለወፍጮው ዱቄት እንደለበሱ በጓሮ በኩል ገቡ።

"መጥቷል። ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሰው ነው። አውቶብስ የምትነዳዋ ልጅ ቤት የት ነው ይለኛል። ወደ ታችኛው ወፍጮ ቤት ላክሁት። አታልለውኛል ብሎ መመለሱ አይቀርም፤ ቶሎ ውጡ። የፖሊሶቹን ስልክ ለእኔ ስጪኝ።"

በጎረቤት ጓሮ አድርገን ወጣን። እህቴ ያለችው ቦሌ ነው። "እንዳትተነፍሺ፣ ድምፅሽን ያውቁታል" አልኳት ልጄን። መገናኛ ድረስ በታክሲ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሄድን። እዚያ ወርደን የቦሌ ታክሲ ያዝን። ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ እሱ ይመስለኛል። መውረጃችን ሲደርስ እሷ መናገር ስለማትችል "ወራጅ አለ!" አልኩ እኔ።

ረዳቱ ዞሮ አፈጠጠብኝና ሳቀ። "ቆይ ቆይ! ላምበረት ውረድና ወፍጮ ቤቱን ጠይቅ! ማዘር፣ የደሴዋ ሹፌር እናት አይደሉ እንዴ?"

ስፈራ የነበረው ለሷ ድምፅ ነው፤ የኔንም አገር እንደሚያውቀው ለካ ረስቼዋለሁ። ረዳቱ ፊቴን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

"ምነው ማዘር?"

ልጄ ያኔ ተናገረች። "ወንድሜ፣ ከሰው እየሸሸን ነው። ማንም ቢጠይቅህ አላየኸንም።"

"እነማንን?" አለ። "ዛሬ ሰው አልጫንኩም።" ከዚያ ጣራውን መታ መታ አድርጎ ሹፌሩን፣ "ፌርማታውን እለፈውና ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ አውርዳቸው!" አለው።

እህቴ ላይኛው ፎቅ ላይ ናት። ከታች ጥበቃ አለ፤ የሷም በር ብረት ነው። አስገብታን ቆለፈችው፤ እኔ እጀታውን ስቤ አረጋገጥኩ። ቁጭ ብዬም ጆሮዬ ደረጃው ላይ ነበር። ስልኬ ሲጮህ ልጄ እጄን ያዘችኝ። ባለወፍጮው ናቸው።

"ተይዟል!" አሉኝ። "ተናዶ ተመለሰ። ይቅርታ ልጄ፣ ጃጅቻለሁ፣ ይቺን እህል ልጨርስና ራሴ በሩ ድረስ አደርስሃለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። ወፍጮው ሲጮህ ምን ይሰማል? ፖሊሶቹ ከኋላው ሲገቡ እንኳን አልሰማም።"

ስልኩን ዘግቼ ልጄን አየኋት። በሩ ተቆልፏል፣ ሰውየው ተይዟል፣ ልጄ አጠገቤ ናት። ደርሰናል። ደህና ነን።