ወርቅ እያየች የምትወጣው እህቴ

ታላቅ እህቴን ከቀበርናት ወር አልሞላም፤ አላህ ይማራት። እኔ ጨው ይዤ እስከ ድንበሩ ኩርሙክ ስዞር ኖርኩ፤ እሷ ግን ዕድሜዋን በሙሉ እዚሁ አሶሳ ቆላ ወርቅ ስታጥብ ኖረች። ጉድጓድ ቆፍራ፣ አፈሩን ወንዝ ወስዳ በእንጨት ገበታ ታጥበዋለች። ጉድጓዱ ከቁመቷ ካለፈ ግን አንድ እፍኝ አትጨምርም፤ ወርቅ እየታያትም ትወጣለች።

አንድ ቀን ከእሷና ከልጇ ጋር ስቆፍር፣ ግድግዳው ላይ ወርቁ እንደ ማሽላ ፍሬ ተበትኖ ታየ። እሷ መቆፈሪያዋን አንስታ ወጣች።

"እማ፣ አረጀሽ እንዴ? ፈራሽ!" አለ ልጇ እየሳቀ።

"ወላሂ፣ እኔም አምሮኛል። እጄ እኔን ማዘዝ ሳይጀምር ልውጣ ብዬ ነው። አንተም ውጣ!"

እያጉረመረመ ወጣ። እሷም የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ከአፋፉ ንቅንቅ አላለችም።

አሁን አፋፉ ላይ እሷ የለችም። ልጇ ያንኑ ጉድጓድ እንደገና ከፍቶ ወደ ጎን እየፈለፈለ ገብቷል፤ እሷ ጋር ያደጉት ሁለቱ የልጅ ልጆቼም ተከትለውታል። ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። ትናንት ሄጄ "ውጡ ልጆቼ" አልኳቸው። ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄድ ሰው ቃል ማን ይሰማል?

"አንድ ገበታ ብቻ፣ አክስቴ" አለኝ ልጇ ከውስጥ።

ከእግሬ ስር የአፋፉ መሬት ተሰንጥቋል። ትናንት ጣቴ ነበር የሚገባበት። ዛሬ ጠዋት መዳፌ ገባ። እነሱ ከታች ይዘፍናሉ።