ከሳንቃው ጀርባ ያለው ሱፍ

የኢኒድ ሳትክሊፍ ባል ኖርማን አናጢ ነበር። «የታየ ሚስማር የአናጢ ነውር ነው» ይል ነበር። የሠራውን ሁሉ ሸፍኖና ቀብቶ ካልጨረሰ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ከመንገዱ ማዶ ዕድሜዬን ሙሉ ስኖር የኖርማንን ሥራ እንጂ አሠራሩን አይቼ አላውቅም።

ባልና ሚስቱ እዚህ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሺር ኮረብታ ላይ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት የድንጋይ ቤቶች ነበሯቸው። በአንዱ ይኖሩ፣ ሌላውን ለግሌኒስ ያከራዩ ነበር። ግሌኒስ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ስትገባ ፀጉሯ ጥቁር ነበር፣ አሁን ሸብታለች። ኖርማን ከሞተ ወዲህ ኢኒድ ከእሷ ሌላ ሰው የላትም ማለት ይቻላል። ልጇ ግራሃም ለንደን ነው፤ ፍቅሩን የሚያደርሰው በስልክ ነው። መድኃኒቷን የምታመጣላት፣ እሁድ እሁድ የተጠበሰ ሥጋ በሰሃን ይዛ በጓሮ በር የምትገባው ግሌኒስ ናት።

ኢኒድ አንድ ነገር ሳትናገር ውላ አታድርም፤ የግሌኒስ ቤት ከመንደሩ ሁሉ የሞቀ መሆኑን። ነገሩ እንዲህ ነው። ኖርማን በሕይወት ሳለ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሙቀት የሚይዝ ሱፍ ከአንድ ወዳጁ መኪና ላይ ገዛ። የበቃው ግን ለአንድ ቤት ብቻ ነበር። ኢኒድ ሳምባዋ ደካማ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ስታስል እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ቢሆንም «ኪራይ የሚከፍል ሰው እየበረደው እኔ አልሞቅም፤ መጀመሪያ የተከራይ ቤት!» አለችው። ቃሏ ቃል ነው። እሷ ባሕር ዳር ያለች እህቷ ዘንድ ሰንብታ ስትመለስ የሁለቱም ቤት ግድግዳ በሳንቃ ተለብጦ አገኘችው፤ የእነሱ ለወጉ ያህል፣ የግሌኒስ ግን ሱፉን በሆዱ ይዞ። እኛም የምናውቀው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ የምስክር ወረቀቱ ጣጣ መጣ። ቤት የሚያከራይ ሰው ቤቱ ሙቀት እንዴት እንደሚይዝ የሚመሰክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ደረጃው ከኤ እስከ ጂ ነው፤ ከኢ በታች የወደቀ ቤት አይከራይም። ኢኒድ አልፈራችም። ይልቅ መርማሪው ከመምጣቱ በፊት የግሌኒስን ቤት አስቀባችው። ከኤሌክትሪክ ቆጣሪው ጀርባ ኖርማን ሳይሸፍናት የቀረች መዳፍ የምታህል ክፍተት ነበረች፤ ቢጫው ሱፍ ብቅ ብሎ ይታይባታል። «እንግዳ እየመጣ ይህ ጉድ ይታይ?» ብላ እሷንም አስደፈነቻት።

መርማሪው ካለም የሚባል ወጣት ነው። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ኢኒድ በወተት ያቀረበችለትን ሻይ ተቀበለ።

«ወይዘሮ ሳትክሊፍ፣ ውስጡ ሱፍ አለው ነው የሚሉኝ?»

«አለው እንጂ! ባሌ በእጁ ነው የሠራው።»

«ደረሰኝ ወይም ፎቶግራፍ ይኖርዎታል?»

«ከመኪና ላይ ለተገዛ ሱፍ ማን ደረሰኝ ይሰጣል፣ የኔ ልጅ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያላየሁትን መጻፍ አልችልም። ካላየሁ ግድግዳው በተሠራበት ዘመን እንደነበረ ነው የምቆጥረው።»

«ንግሥት ቪክቶሪያ በነበረችበት ዘመን?» አልኩት ከጎኗ የተቀመጥኩት እኔ።

«አዎ፣ በዚያው» አለ። አልሳቀም።

ወረቀቱ ኤፍ ብሎ መጣ። ግራሃም ደወለ። «እማዬ፣ የማይከራይ ቤት ምን ያደርግልሻል? እንሽጠው በቃ።»

«ግሌኒስስ?»

«ግሌኒስ ሕፃን አይደለችም።»

ያን መርማሪ ልጅ ረገምኩት። አገር ምድሩ የሚያውቀውን ሱፍ በአንዲት ወረቀት አጠፋብን ብዬ ደሜ ፈላ። «ሳንቃውን እንገንጥለውና ዓይኑ እያየ ይመስክር!» አልኩ። ደስ ይላታል ያልኳት ግሌኒስ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ተይው፣ ኢኒድ። የኖርማን ሥራ አይፍረስ። እኔ ኸል ከተማ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።»

«እኔ በቁሜ እያለሁ? አፍሽን ያዢ!» አለች ኢኒድ። ቢሆንም ሳንቃውን መዶሻ ለማስነካት ሳትደፍር ሰነበተች። አንድ ማለዳ ግን በሬን አንኳኳች። «ክላይቭ፣ ያን የዛገ መሣሪያህን ይዘህ ና። ቶሎ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ።»

ከግሌኒስ ሳሎን ጀመርኩ። ሳንቃው ሲላቀቅ ድንጋይ ታየ፤ እርጥብ ባዶ ድንጋይ። መኝታ ቤት ገባሁ፣ ያው ነው። መጨረሻ ከቆጣሪው ጀርባ ስከፍት አንድ ጭብጥ ሱፍ እግሬ ሥር ወደቀ፤ ትራስ እንኳን አይሞላም።

ኢኒድ ሱፉን አነሳችው። «ሌላው የት ሄደ?»

ግሌኒስ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «አንቺ ቤት ነው ያለው።»

ኢኒድ ሱፉን እንደጨበጠች ወደ እሷ ዞረች።

«ሳምባሽን ፈርቶ ነው፣ ኢኒድ። በእሺታ እንደማትሞቂለት ያውቃል። ያቺን ጭብጥ አንቺ እንድታያት ብሎ ተዋት። ‹የሚመጣው በጋ ያንቺን እሠራለሁ፣ ለእሷ ግን እንዳትነግሪብኝ› አለኝ። በጋው ሳይደርስ ልቡ ቀደመው።»

«ይህን ሁሉ ክረምት በረደሽ?»

«ወፍራም ሹራብ አለኝ።»

«በረደሽ ወይ ነው ያልኩሽ!»

«አዎ። በረደኝ።»

«እኔ ያን ሁሉ ስለፈልፍ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ስለሱፉ ስታወሪ ፊትሽ ይበራል። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ጠርቶ ምን ሊፈይድልን? ወረቀቱ ልክ ነበር፣ የረገምኩት ልጅ ልክ ነበር። የምንቆጣው ሰው እንኳን አጣን። ቤቱን ለማደስ ኢኒድ አቅም የላትም፣ ግራሃም ፈቃዱ የለውም። ኅዳር ሲገባ የግሌኒስ እህት ባል በትንሽ የጭነት መኪና መጣ። ሁለቱ ሴቶች በር ላይ ቆመው ስለ ሰሃን አወሩ፤ የትኛው የማን እንደሆነ። ከዚያ መኪናው ሄደ።

በረዶ በጣለ ሰሞን ኢኒድን ልጠይቃት ገባሁ። ማሞቂያው ጠፍቷል፤ እሷ ካፖርቷን ሳትለብስ፣ በስስ ቀሚስ ብቻ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ? ልትሞቺ ነው እንዴ?»

«ከትናንት ጀምሮ አጥፍቼዋለሁ» አለች። «እሷ የበረዳትን አንድ ቀን እንኳን ልቅመሰው ብዬ።»

ማሞቂያውን ላበራ ስነሳ እጄን ያዘችኝ።

«እምቢ አለኝ፣ ክላይቭ» አለችና አለቀሰች። «ቤቱ አይቀዘቅዝም።»

እውነቷን ነው። የያዘችኝ እጅ ሙቅ ነበር።