እህቴ «አለፍኩ» ስትል

አዲስ የተሰነጠቀ ሸመል ሽታው እርጥብ ሣር ይመስላል፤ ግን ጠጋ ሲሉት ከውስጡ ጥሬ ባቄላ ባቄላ ይላል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አጥሩን ሊያድስ ደጄ ላይ ሸመል በገጀራ ሲሰነጥቅ፣ ያ ሽታ መጥቶ እጄን ከሥራ አስቆመው። እዚያው ቆሜ የእህቴን ድምፅ ሰማሁት። «አለፍኩ» ስትል።

ልንገርሽ ልጄ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ ትናንት መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቢሮ ይሆናል፤ በሩ ላይ የተቀባው ቀለም ሳይደርቅ ሰው ይሰለፍበታል። እኛ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራ መንደር ነበርን። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ጭነው ያመጡን ነን። እናቴን በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰዳት። የቀረነው አባቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ነን። አባቴ ደግሞ እግሩ አብጦ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ መውረድ አቅቶት ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር በዝናብ መጣ። አዲሱ ክልል ለጤና ጣቢያ ረዳት የሚሆኑ ሴቶችን ሊያሠለጥን ነው፤ ማንበብ የምትችል፣ አማርኛም በርታኛም የምትሰማ ትፈለጋለች አለ። እኔና እህቴ በርታኛውን ከገበያ ለምደነዋል፤ ንባቡንም ከመሠረተ ትምህርት። ሥልጠናው ሌላ ከተማ ነው። መኪናው በማግሥቱ ጠዋት ይነሣል።

«ከአንድ ቤት አንድ ሰው ነው» አለ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ የትኛዋ እንደሆነች ንገሩኝ።»

ሊቀመንበሩ ባይለውም ሁለታችንም መሄድ አንችልም ነበር። አባቴን ማን ያገላብጠዋል?

አባቴ ብዙም ሳያስብ «ታላቋ ትሂድ» አለ። እህቴም ሳታስብ «ለእሷ ይሁን፤ እኔ ምን ይሠራልኛል» አለች። ሁለቱም አናደዱኝ። ቀድሞ በመወለድ ብቻ መሄድ ፍርድ አይደለም። ፈልጎ አልፈልግም ማለትም ፍርድ አይደለም። እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ የአባቴን የመድኃኒት ጠርሙስ ወደ ብርሃን አዙራ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታነብ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።

«እትዬ፣ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?» አልኳት።

«ተይኝ እስቲ፣ አንቺ ጨቅጫቃ።»

«አልፈልግም ካልሽ በእናታችን አጥንት ማይልኝ።»

አልማለችም። እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች።

«እንግዲያው እንወዳደር» አልኩ። ዕጣ እንዳንል ዕጣውን የሚያወጣው አባቴ ነው፤ ለማን እንደሚያደላ ደግሞ ይታወቃል። ካርታ ታላቅና ታናሽ አያውቅም። እህቴ ለመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ልብስ ታጥብ በነበረ ጊዜ አንድ የዶዘር ኦፕሬተር ፖከር አስተምሯት፣ ሲሄድም ያረጀ ካርታውን ትቶላት ነበር። እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከእኔ እንደምትበልጥ ሁለታችንም እናውቃለን። «እሺ» ያለችውም ለዚያ ነው፤ ካርታ ስል ዓይኗ ብልጭ ሲል አይቻለሁ።

ዳኛ ያስፈልጋል ብዬ ጎረቤታችን የነበሩትን የበርታ ሽማግሌ ጠራሁ። አባቴ ሲታመም ውኃ ሲያቀብሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ካርታውን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ቁማር ሐራም» አሉ።

«ገንዘብ የለበትም አባባ።»

«ገንዘብ የለም ምን አለ?»

«መኪናው ላይ ያለው ቦታ ነው ያለው። የምትሄደዋንና የምትቀረዋን ለመለየት ነው።»

አባቴን አዩት፤ ከዚያ እኛን። «እኔ ካርታ አላይም፣ ያ ቢንት፣ ልጄ። ወሬ እሰማለሁ። ዓይን እዚያ፣ ጆሮ እዚህ» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ደጃፉ ላይ ወደ ዝናቡ ዞረው ተቀመጡ።

ከአጥሩ የተረፈ ሸመል ነበር። ሰነጣጥቀን እኩል ተካፈልነው። ሁሉንም ስንጣሪ የጠቀለለች ትሄዳለች፤ ሕጉ ይህ ነው። አጨዋወቱ ቀላል ነው፤ አምስት አምስት ካርታ ይታደላል። እጅሽ ጥሩ ከሆነ ስንጣሪ ታስይዣለሽ፤ ካልሆነ «አለፍኩ» ትያለሽ። አንዷ ካስያዘች ሌላዋ ያንኑ ያህል ታስቀምጣለች፣ ወይ ካርታዋን ትጥላለች። ከዚያ የማትፈልጊውን ትቀይሪያለሽ። ከዚያ እንደገና ማስያዝ ወይ ማለፍ ነው። በመጨረሻ ይገለጣል።

እህቴ ስትጫወት ፊቷ እንደ ታመመች ሴት ነበር። ያን ፊት ከካርታ አይደለም የተማረችው። በሰፈራው ዘመን ብርቱ ክንድ ያለው ሰው የጋራው እርሻ ላይ ከባዱን ሥራ ይታዘዛል፤ እህል የተረፈው ይወሰድበታል። እህቴ ከጎረምሳ እኩል ታርስ ነበር። አስተባባሪው ብቅ ሲል ግን ታነክሳለች፤ ትስላለች፤ የተጠየቀችውን አላውቅም ትላለች። አልጋው ሥር ጉድጓድ ምሳ ማሽላ ቀብራ፣ ሰው ፊት ለእኛ ቅጠል ትቀቅል ነበር። ያ ብልሃት ነው ነፍሳችንን ያቆየው። እሷን መንቀፍ አልችልም። ብቻ ዘመኑ ሲለወጥ ፊቷ አልተለወጠም።

ዝናቡ ሣር ክዳኑ ላይ ይወርዳል። ከበሩ የሚገባው ብርሃን አመድማ ነው፤ ቤቱ በእርጥብ ሸመልና በአባቴ ቅባት ሽታ ታፍኗል። አንዴ እሷ ትወስዳለች፣ አንዴ እኔ። ከብዙ መስጠትና መውሰድ በኋላ ያው እንደ ጀመርነው እኩል ለእኩል ሆንን። ብርሃኑ ግን እየቀነሰ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ያ እጅ የታደለው። ካርታዬን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ አራት ቀይ ልብ፣ አንድ የማይረባ ጥቁር። አምስተኛ ልብ ከመጣልኝ ታላቅ እጅ ነው። ካልመጣልኝ ምንም አይደለም። በልቤ ወሰንኩ፤ እህቴ ጠንከር አድርጋ ካስያዘች እጥላለሁ፣ በተስፋ ብቻ አልከተላትም። የመጀመሪያው ቃል የእሷ ነበር።

ክርኗን አከከች። ተነፈሰች።

«አለፍኩ» አለች።

«አለፈ» አሉ ሽማግሌው ከደጃፍ፣ ወደ ዝናቡ እንዳዩ።

እኔም አለፍኩ። አምስተኛውን ካርታ ያለ ምንም ክፍያ ልጠይቅ ነው። እህቴ አንድ ካርታ ብቻ ቀየረች። እኔም ጥቁሩን ጥዬ አንድ አነሣሁ። ካርታው አርጅቶ ጠርዙ እንደ ጨርቅ ላልቷል። ቀስ ብዬ ገለጥኩት። ልብ ነው።

ካርታዬን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

«አለፍኩ» አለች እንደገና፣ ይበልጥ ደክሟት።

«ሁለተኛ አለፈ» አሉ ሽማግሌው።

ከፊቴ ያለውን ሸመል በሙሉ በሁለት እጄ ገፋሁት። የሚንኳኳው ድምፅ አባቴን ከትራሱ ቀና አደረገው። እህቴ ክምሩን አየችው። ያን ጊዜ ነው የታመመችው ሴት የጠፋችው። ጀርባዋ ቀጥ አለ፤ ዓይኗ ውስጥ መኪናውንም፣ ከተማውንም፣ ነጩንም ጋዋን አየሁት። የእሷን ስንጣሪ በአንድ ክንድ ጠርጋ በእኔው ላይ ደፋችው።

«ምን ቸኮልሽ፣ እቴ?» አለችኝ ፈገግ ብላ። «አንቺ መቼም ያለሽን ሳታሳዪ አታድሪም።»

ሦስት ንጉሥ ዘረጋች። ከመጀመሪያው እጇ ላይ የነበሩ ናቸው። ሦስት ንጉሥ ይዛ ነው ያለፈችው። ትንሽ እንዲመስልብኝ ነው አንድ የማይረባ ካርታ አብራ ይዛ፣ አንድ ብቻ የቀየረችው።

አምስቱን ልብ አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው፤ አምስት አንድ ዓይነት ሦስት ንጉሥን ይረታል። ሦስተኛው ላይ ፈገግታዋ ቆመ። አምስተኛው ላይ እጇ ሸመሉ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አይቆጠርም» አለ አባቴ። «ልጅቱ ንጉሥ ይዛለች። ይደገም።»

«አይደገምም» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ! ታላቅሽ ናት።»

«አባባ» አልኩ ወደ ደጃፉ፣ «ምን ሰሙ?»

ሽማግሌው አልዞሩም። «እህትሽ ሁለት ጊዜ አለፈ። ውሸት የለም። ንጉሥ አለኝ ብሎ ቢናገር አንቺ ይከተል ነበር?»

«እጥል ነበር። መጀመሪያውኑ እጥል ነበር።»

«እንግዲህ ንጉሥ ዝም አለ፤ ልጅ መጣ ወሰደ። አልቋል፣ ወላሂ።»

አባቴ ሌላ ነገር ሊናገር ሲል እህቴ ቀደመችው። «ለእሷ ነው» አለች። ጠዋትም ያንኑ ብላ ነበር፤ ያሁኑ ግን ከሌላ ቦታ የወጣ ድምፅ ነው። ተነሥታ ለሊቀመንበሩ ልትነግር በዝናቡ ውስጥ ወጣች።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች «ሆን ብላ ለቃልሽ ይሆናል» ይሉኛል። አይደለም። እኔ ከፊት ለፊቷ ነበርኩ። ልትወስደው ነበር። ውለታ አድርገው እንዲያወሩላት አልፈልግም፤ የተሸነፈችው የምር ነው፣ የደረሰባትም የምር ነው። እኔም ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም፤ አትጠይቀኝም ነበርና።

ጠዋት ሻንጣዬን ተሸክማ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ስወጣ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ፣ «እዚያ ሲጠይቁሽ የምታውቂውን ወዲያው ተናገሪ። ሌላው እስኪናገር አትጠብቂ» አለችኝ። ከዚያ አባታችን ብቻውን ነው ብላ መኪናው ሳይነሣ ተመለሰች።

ሠልጥኜ ስመለስ እዚሁ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ወረፋ የማስከብረው እኔ ነበርኩ። የቢሮ ኃላፊ ሚስት ትምጣ፣ የወርቅ ነጋዴ ይምጣ፣ ከመንጌ ወረዳ በእግሯ የመጣች ሴት ከቀደመች ቀደመች ነው። ዘመድ አላስቀድምም። የአገሩ ሰው ይህን ያውቃል፤ እህቴም ታውቃለች።

አባቴ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ እህቴ አልፎ አልፎ ጤና ጣቢያው ብቅ ማለት ጀመረች። ከወረፋው መጨረሻ፣ ማንጎው ሥር ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ከሩቅ «ምነው እትዬ?» ስላት፣ «ምንም፤ በዚህ ሳልፍ ልይሽ ብዬ ነው» ትለኛለች። ሰው ሲበዛ ሹልክ ብላ ትሄዳለች። እኔም ልታየኝ መምጣቷን አምኜ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውል ነበር።

በሰው ሸክም ባመጧት ቀን ሐኪሙ ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ዳሰሰ፤ ከዚያ እጁን ለመታጠብ ከሚገባው በላይ ቆየ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ልነግርሽ ነበር እኮ» አለች። «ከፊቴ ያሉት ሰዎች የባሰባቸው መሰለኝ።»

ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁላት። ብዙም ሳትቆይ ቀበርናት።

ከዚያ በኋላም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዘመድ አላስቀደምኩም። ዛሬ ቢመልሱኝም አላስቀድምም። ብቻ ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የምሄደው ወደ ወረፋው መጨረሻ ነበር። እዚያ የተቀመጠችውን ሴት ምን እንደሆነች እጠይቃታለሁ። «ምንም» ካለችኝ፣ አጠገቧ እቀመጣለሁ።