አባባ ቆመው የሰሙት ትምህርት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የፈተና ውጤቷን በስልክ ስታይ አጠገቧ ነበርኩ። ደስታ ይሁን ድንጋጤ ሳትነግረን ገና ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። እንዲህ ያለ ቁጥር አንድ ጊዜ ቤታችንን ሲያናውጠው አይቻለሁና።

ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የምንኖረው ላሊበላ አቅራቢያ፣ ገነተ ማርያም ነበር። አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ታላቅ እህቴ ያልጋነሽ ላሊበላ ቤት ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከእሷ አሮጌ ደብተር ነው። ማትሪክ ወስዳ ውጤቷ መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብም ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የእሷ በትንሽ አነሰ። ያን ሁሉ ጭቃ በእግሯ ተመልሳ መጥታ መደቡ ላይ ተኛች። ከኩልመስክ የመጡ ሽማግሌዎች እሷን ለጥር ሠርግ ጠይቀው መልስ ይጠብቁ ስለነበር፣ እናቴ እንግዲህ እሺ እንበላቸው አለች።

አባባ ግን ነገሩ አልገባቸውም። እሳቸው ዘንድ ተማሪ የሚለካው መምህሩ ፊት ቀርቦ የተማረውን በቃሉ ሲያወጣ ነው።

«ማን ሰማሽ?» አሏት።

«ማንም አይሰማም አባባ። ወረቀቱን አዲስ አበባ ማሽን ነው የሚያርመው።»

«ሳይሰሙሽ ነዋ የመለሱሽ» አሉና ስንቅ አዘዙ።

ጎህ ሲቀድ ወደ ላሊበላ ተነሣን። መስከረም ጠብቶ፣ ገብሱ እሸት ይዞ፣ የመንገዱ ጭቃ ግን ገና እግር ይይዛል። እኔ ቆሎውን ይዤ ከኋላ። ያልጋነሽ፣ በዘመናዊ ትምህርት እንዲህ የለም፣ ይስቁብኛል እያለች መንገዱን ሙሉ ለመነቻቸው። የአባባ መልስ አንድ ነበር፤ «ሰምተው ይሳቁ።»

የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ወጣት ሰው ነበሩ። አባባ ልጃቸውን እንዲሰሙላቸው፣ ከጎደላት ራሳቸው ወደ ቤት እንደሚመልሷት ነገሯቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳይሬክተሩ ግን አልሳቁም። «እሺ ያልጋነሽ፣ ደም በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ንገሪን» አሉ።

በእንግሊዝኛ ጀመረች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና። አባባ አንዲት ቃል አይገባቸውም፤ ግን ተነሡ። ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆሙት ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ዳይሬክተሩም ተነሡ። ከእኔ ጋር ከአንድ መሶብ የበላች፣ አንድ ቁርበት ላይ የተኛች እህቴ፣ ይህን ሁሉ የት አኑራው ነው?

ስትጨርስ ዳይሬክተሩ ነጥቧን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው።

«የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይተሽ ነው የሄድሽው? ለሴቶች የሚያስገባው ዝቅ ብሏል እኮ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ። አልፈሻል።»

«ስለሰሟት ነው?» አሉ አባባ።

«አይ መሪጌታ፣ በነጥቧ ነው።»

አባባ አላመኑም። እስኪሞቱ ድረስ ልጄ ተሰምታ ገባች እያሉ ያወሩ ነበር። ለኩልመስክ ሽማግሌዎችም መልሱ ይኸው ሆነ።

ያልጋነሽ ዛሬ ራሷ ታስተምራለች። በቀደም ደውዬ ያን ቀን አነሣሁባት። ስትናገር መሃል ላይ ጠፍቶባት፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ እንደወጣችው ነገረችኝ። እኔና አባባ በምን እንወቅ! ዳይሬክተሩ ግን ያውቁ ነበር። ያንኑ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ እየሰሙ፣ እስክትጨርስ ድረስ አልተቀመጡም።