ከአስፋልት የወረደው የአንሶላ መኪና

አባቴ ቶሮንቶ የመጡት በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እናቴ ካረፈች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ነኝና ወደ እኔ እንዲመጡ ለምኜ ነው ያመጣኋቸው። ያኔ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይቼ፣ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ላውንድሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አባቴ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ የሊፍቱ ቁልፍ እንዴት እንደሚጫን አሳይቼ፣ ቤት ዘግቼባቸው ወደ ሥራ የምሄደው።

አያማርሩም። «እንዴት ዋሉ አባባ?» ስላቸው «ተመስገን» ነው መልሳቸው። ግን ስመለስ ሁልጊዜ የማገኛቸው ወንበር ወደ መስኮቱ ስበው ቁልቁል መንገዱን ሲያዩ ነው። አንድ ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ፣ የሰፈሩ የቆሻሻ መኪና ፍሪሲዮን ሊያልቅ መሆኑን ነገሩኝ። ከአሥራ አራተኛ ፎቅ፣ በተዘጋ መስኮት፣ በድምፁ ብቻ ነው ያወቁት። ለሾፌሩ የሚነግረው ሰው ባለመኖሩ ከልባቸው አዝነው ነበር።

በዚያው ሰሞን ላውንድሪው አንሶላ ያመላልስበት የነበረውን አሮጌ ቫን ሊጥለው ሆነ። ጠዋት ጠዋት አልነሣም ማለት አብዝቶ ነበር፤ ጎኑም ዝጓል። እራት ላይ ለወሬ ያህል አነሣሁባቸው። አባቴ የያዙትን ጉርሻ አቁመው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ናፍጣ ነው ቤንዚን?»

«ናፍጣ።»

በማግስቱ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ጋ ቆመው ጠበቁኝ።

መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ኮፋኖውን አስከፈቱ፣ ሞተሩን አስነሡልኝ አሉ። ብዙ ካንገራገረ በኋላ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሣ። አባቴ ከኪሳቸው ካቻቢቴ አውጥተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ልክ እንደ ሐኪም አዳመጡ። በመጨረሻ ቀና አሉና፣ «ሞተሩ ጤነኛ ነው። አየር እየሳበ ነው እንጂ ምንም የለበትም። የታመመው የሚይዘው ሰው ነው» አሉ። አለቃዬ አጠገባችን ቆሞ ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ፣ መኪናው ጥሩ ነው ይላሉ አልኩት። ሰውየው ጎትቶ የሚወስድለት አጥቶ ተቸግሮ ስለነበር በዚያው ሳምንት ቁልፉንና ወረቀቱን ሰጠን።

እኔም የራሴ ምኞት ነበረኝ። ጥርሴን ልታከም ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ አንድ መጽሔት ላይ አልጋና ምድጃ የተገጠመለት፣ ጎማው ትልልቅ የሆነ፣ አሸዋ መሃል የቆመ መኪና አይቼ ነበር። ካናዳ ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሁሉም ከሚሄድበት ዝነኛ ፏፏቴ በቀር ያየሁት የለም። እንደዚያ እናድርገው ስላቸው አባቴ ብዙም አልተደነቁም። መኪና ውስጥ መተኛት ቀላል ነው፣ ዕድሜዬን የተኛሁት እዚያ ነው፤ ቁም ነገሩ ከአስፋልት ወርዶ መመለስ መቻሉ ነው አሉኝ። ሥራው የተከፋፈለው በዚህች ንግግር ነው። ከወለሉ በላይ ያለው የኔ፣ ከወለሉ በታች ያለው የእሳቸው ሆነ።

ግን የት እንሥራው? ለሕንፃችን የምድር ቤት ፓርኪንግ ቫኑ ረጅም ነው፤ ውጪ ደግሞ የሕንፃው ጠባቂ መኪና መጠገን ክልክል ነው አለን። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ አትክልት ቤት በር ላይ የተለጠፈች የኪራይ ማስታወቂያ አይቼ ኮል አደረግኩና፣ በጓሮ መንገድ በኩል የሚገባ ጋራዥ አገኘን። ባለቤቱ ሚስታቸው የሞተችባቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡና ግንብ ሲሠሩ የኖሩ። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው፤ የአባቴ ደግሞ ጭራሽ የለም። ላስተረጉም መሃላቸው ቆምኩ።

አባቴ ተንበርክከው ከኋላ ጎማው በላይ የተደራረቡትን ብረቶች እያመለከቱ፣ «ባሌስትራው ደክሟል፣ መጨመር አለበት በያቸው» አሉኝ። አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ጎንበስ አሉ።

«ባሌስትራ?»

«ባሌስትራ» አሉ አባቴ።

ሽማግሌው ፔዳሉን ነክተው «ፍሬኖ» አሉ። አባቴ «ፍሬን» ብለው ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ እኔን የሚያየኝ ጠፋ። ፊደል እንደሚቆጥሩ ተማሪዎች መኪናውን እየዞሩ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ እያሉ ይጠራሩ ጀመር። ጣሪያው ላይ ካለው የዕቃ መጫኛ ሲደርሱ አባቴ «ፖርቶ መጋላ» አሉ። ሽማግሌው ቆም ብለው አሰቡ፤ ሲገባቸው ግድግዳ ደግፈው ሳቁና አጠራሩን ሊያርሙ ሞከሩ። አባቴ አልተቀበሉም። በእኛ አገር ፖርቶ መጋላ ነው የሚባለው ብለው ቀሩ። በመጨረሻ ሽማግሌውም ፖርቶ መጋላ ማለት ለመዱ።

ጋራዥ ውስጥ የኔ ማስተርጎም ያስፈለገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እረፍት ላይ ተቀምጠን ሳለ ሽማግሌው፣ የአባታቸው ወንድም ወታደር ሆኖ ወደ እኛ አገር ሄዶ እንዳልተመለሰ በዝግታ ነገሩኝ። ለአባቴ አስተረጎምኩ። አባቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«የኔም አጎት አልተመለሰም በያቸው።»

ነገርኳቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተነሥተውም ክሪኩን አቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተነሥቶ አያውቅም።

በጋውን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያው ነን። ከወዳደቁ መኪኖች ባሌስትራ ለቅመው ጨመሩበት፤ መኪናው ከፍ አለ። ትልልቅ ጎማ ገባለት። ሽማግሌው ድንጋይ ያነሡበት የነበረውን በእጅ እየዞረ የብረት ገመድ የሚጠቀልል ዊንች ከጋራዡ ጥግ ፈልገው አወጡና ከፊት ብረቱ ላይ በየዱለት። ያንን ነጭ ጭስ ያመጣው አየርም የተገኘው ከናፍጣው ቱቦ ላይ ከነበረች የጣት ጥፍር የማታክል ስንጥቅ ነው።

አባቴ በመጀመሪያ እኔን መኪና ሥር አላስገባም ብለው ነበር። ጉልበታቸው እምቢ ያላቸው ቀን ግን ካርቶን አነጠፉልኝ። እሳቸው ከላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ፣ በቃል ብቻ እየመሩኝ የፍሬኑን ቱቦ ቀየርኩ። ብሎኑ እምቢ ሲለኝ ጉልበት አታብዢ፣ ስሚው ይሉኛል። ብሎን እንዴት ነው የሚሰማው ብዬ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ግን ሊፈታ ሲል በእጄ ታወቀኝ። ፊቴ ዘይት በዘይት ሆኖ ስወጣ አባቴ የሳቁት ሳቅ እናቴ ካረፈች ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያው ነበር።

ከወለሉ በላይ ያለው የኔ ሥራ ግን አሳፈረኝ። ከአልጋው ራስጌ መስኮት እንዲኖር ፈልጌ ከውስጥ ለካሁ፣ ወረቀት ላይ ሣልኩ፣ ወረቀቱን ወደ ውጪ ወስጄ ለጠፍኩና በመጋዝ ቆረጥኩት። ገብቼ ሳይ ከራስጌው ያለው ቆርቆሮ እንዳለ ነው። ሰማዩ የሚታየው በግርጌው በኩል፣ ቁም ሣጥኑ ሊቆም ከታሰበበት ቦታ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ መለጠፍ እንደነበረብኝ ያኔ ነው የገባኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ። አባቴ መጥተው በቀዳዳው አንገታቸውን አወጡ፣ ግራና ቀኙን አዩ፣ መለሱት።

«ወጥ ቤቱን ወደዚህ አምጪው። የሽንኩርቱ ጭስ መውጫ ያስፈልገዋል።»

ሽማግሌውም ሚስታቸው ዕድሜዋን ሙሉ ከምድጃዋ በላይ መስኮት ስትመኝ እንደኖረች ነገሩን። ምድጃው እዚያው ገባ። እውነትም ከአልጋው ራስጌ ይልቅ የተሻለ ቦታ ነበር፤ አልጋ ላይማ ሰው ዓይኑን ነው የሚጨፍነው። ፍራሹን ከስፖንጅ ቆርጬ፣ ላውንድሪው በጣላቸው አንሶላዎች ሰፋሁለት። ጠርዛቸው ላይ የሆቴል ስም የተጠለፈባቸው ነበሩና ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋኋቸው።

ሴፍቲ የሚሉትን የመኪና ምርመራ ለማለፍ ስንወስደው መርማሪው መካኒክ ሥሩ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ይህን ባሌስትራ ማን ነው የሠራው አለ። አባቴ ጥፋት የተገኘ መስሏቸው ኮታቸውን ቆልፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰውየው ግን እጃቸውን ጨብጦ ወረቀቱን ፈረመ።

በመስከረም ወር ሦስታችንም ወደ ሰሜን ተጓዝን። መንጃ ፈቃድ የነበረኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ እኔ እነዳለሁ፣ አባቴ ከጎኔ ሆነው ያዝዛሉ፣ ሽማግሌው ከኋላ አልጋው ላይ ተንጋለው ያንጎራጉራሉ። ዓርብ ስለነበር አባቴ ይጾማሉ ብዬ ምስር ሠርቼ ነበር፤ ሽማግሌው ግን መንገድ ዳር አስቁመውን በቲማቲም ብቻ ፓስታ ሠሩ። ለፓስታም ሆነ ለሹካ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ አለቀና ግንድ የሚያመላልሱ መኪኖች ወደሚሄዱበት የጫካ መንገድ ገባን። ዝናብ ጀመረ። አንድ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስንደርስ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኖ ሳየው እግሬ ፍሬኑ ላይ ደረቀ። አባቴ አንገታቸውን አስግገው ቁልቁለቱን አዩት።

«እስቲ ውረጂ» አሉ በዝግታ።

«አባባ፣ ፈቃድ የለዎትም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ትክክል እንዳልነበር አውቃለሁ። ግን ወረድኩ። አባቴ ወንበሩን አስተካከሉ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ በከባድ ማርሽ ፍሬን ሳይነኩ ቁልቁለቱን ወረዱት። ከጎናቸው ተቀምጬ የማየው መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚውለውን ሰውዬ አልነበረም። ትከሻቸው ሰፍቷል፤ ዓይናቸው ሩቅ ነው የሚያየው። ሕፃን ሆኜ ከመንገድ ሲመለሱ እስከ ሰፈራችን መታጠፊያ ድረስ ያሳፍሩኝ ነበር፤ ያኔ የማውቃቸው አባቴ ናቸው።

ከቁልቁለቱ ግርጌ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ፒክአፕ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አገኘን። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አንዱ ነዳጅ ሲረግጥ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው የባሰ ይሰምጣል። አባቴ ወርደው ዞረው አዩትና፣ «መጀመሪያ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያንሣ በይው» አሉኝ። አልኩት። ቀጥሎ የጎማዎቹን አየር ቀነሱ። ሰውየው መኪናው ውድ መሆኑን ሊያስረዳኝ ሲሞክር ለአባቴ አላስተረጎምኩም። ከፖርቶ መጋላው ሁለት ሳንቃ አውርደን ከጎማው ሥር አስገባን፤ ሽማግሌው የዊንቹን ገመድ ፒክአፑ ላይ አስረው ማዞር ጀመሩ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከኔ ጋር ተቀባብለን አዞርነው። ፒክአፑ እንደ ጉማሬ እየተንፏቀቀ ወጣ።

ከሰዎቹ አንዱ፣ አባቴ ይህን የት እንደተማሩ ጠየቀኝ። አባቴ በእንጨት ጭቃው ላይ የአሰብን መንገድ፣ አዋሽን፣ ሚሌን፣ ዶቢን፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ሣሉለት። የከበደ ጭነት ይዘው አሸዋ ውስጥ ሁለት ቀን የቆሙበትን ቦታ በነጥብ አመለከቱት። ሰውየው ዝናብ እየመታው ቁጢጥ ብሎ እስከ መጨረሻው አየ። ስንለያይ ሁለት ትልልቅ ዓሣ ሰጠን፤ አባቴ ጾመኛ ስለነበሩ እኔና ሽማግሌው በላነው። እሳቸው ሐይቁ ዳር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ምስራቸውን እየበሉ፣ ይህ አገር ለካ መንገድ አለው አሉ።

ከዚያ ጉዞ መልስ አባቴ በመስኮት ማየት ተዉ። የመንጃ ፈቃዱን መጽሐፍ በደብተር ላይ በአማርኛ ገለበጥኩላቸው፤ የእንግሊዝኛውን ቃል መልኩን እያዩ እንደ ሥዕል አጠኑት። የጽሑፉን ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ በሁለቱም ጊዜ ጥያቄው ነው የተሳሳተው ብለው ወጡ። በሦስተኛው አለፉ። የመንዳቱ ፈተና ቀን ፈታኟ ከቫኑ ስትወርድ ጠርታ ጠየቀችኝ። መታጠፊያ ላይ ለምንድነው እንዲህ ሰፊ አድርገው የሚያጥፉት? ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ በጣም አፍረው ሳቁ። ሳያውቁት ለተሳቢው ቦታ እየተዉ ነበር።

ሴትየዋ አሳለፈቻቸው። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ላውንድሪው በር ላይ አለቃዬ ሲጋራውን እያጨሰ ቆሞ ነበር። አባቴ መኪናውን አጠገቡ አቆሙና፣ መስኮት ዝቅ አድርገው፣ በተለማመዷት እንግሊዝኛ እንደምን አደርክ አሉት።