ከባሏ በፊት አሥራ አንድ ሰው የሰማው እርግዝና

ሜርቪ ቲአይነን ሰው ከምታስቸግር ሞቷን የምትመርጥ ሴት ናት። ይህን የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። በዚያ ሰኞ ልትመርጠው ለጥቂት ነው የቀራት።

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የአምስት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ናት። ከሐይቁ ማዶ ካሉት የእንጨት ቤቶች ትነሳለች፣ በመጋዘኖቹና በመዋኛ አዳራሹ በኩል አድርጋ ባቡር ጣቢያ ትደርሳለች፣ ከዚያ ትመለሳለች፤ በቀን ዘጠኝ ጊዜ። በአሥር ዓመት ውስጥ ያረፈደችባቸው ቀኖች በጣት ይቆጠራሉ። ባሏ ቬሳ እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ይሠራል። ሳይሚ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው።

ሳይሚ በተወለደች በአሥረኛው ቀን የሜርቪ ግራ እግር አበጠ። "ድካም ነው" ብላ ሁለት ቀን ዋጥ አደረገችው። በሦስተኛው ቀን እግሯ ውስጥ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባዋ ገባ፤ ቬሳ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተዘርራ አገኛት። ተረፈች። ሐኪሙ ሲያሰናብታት እንዲህ አላት፦ "ሁለተኛ ብታረግዢ ባወቅሽበት ቀን ደውይ። ደም የሚያቀጥን መርፌ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስፈልግሻል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር የለም።" እሺ አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ሐሙስ ከሥራ ተመልሳ መመርመሪያው ላይ ሁለት መስመር ስታይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቁጭ አለች። ሁለተኛ ልጅ አይሆንም ብለው እርም ያሉት ነገር ነበር። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ የሐኪሙ ቃል ትዝ አላት። ለቬሳ አልነገረችውም። ሰውየው ከዚያ የወጥ ቤት ወለል ወዲህ፣ ዛሬም ድረስ፣ ከመተኛቱ በፊት ትንፋሿን ያዳምጣል። "መጀመሪያ ቀጠሮ ልያዝ፣ መርፌው እጄ ይግባ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ" አለች።

አርብ ጠዋት ነፍሰ ጡሮችን ወደሚከታተለው ጤና ጣቢያ ደወለች። መሣሪያው መለሰላት፤ "ቁጥርዎን መዝግበናል፣ ዛሬ መልሰን እንደውላለን።" ደወሉም። ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። ግን መጀመሪያ ሲደውሉ ድልድዩ ላይ ነበረች፣ ሁለተኛ ሲደውሉ ባቡር ጣቢያው መታጠፊያ ላይ፤ አሽከርካሪ ደግሞ እየነዳ ስልክ አይነካም። ሁለት ጊዜ ካላነሳሽ ከመዝገቡ ትወጫለሽ። ከሥራ ስትወጣ ጣቢያው እስከ ሰኞ ተዘግቷል።

ታዲያ ለምን ድንገተኛ ክፍል አልሄደችም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄያታለሁ። "አልታመምኩማ። የታመመ ሰው ወረፋ ልሻማ?" አለችኝ።

እሑድ ግራ ባቷ መወጠር ጀመረ። "ብርድ ነው" አለች። ካልሲ ደረበችበት፤ ከዚያ በኋላ እግሯን ገልጣ አላየችውም። ማየት ስላልፈለገች ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቷ ነው።

ሰኞ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ደወለች። እንደገና መሣሪያው። አሁን ግን ቆርጣለች፤ ከጮኸ አቁማ ታነሳዋለች። ስልኩን ከመሪው አጠገብ ካለው መያዣ ላይ ሰካችው።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ መጋዘኖቹ ጋ ልትደርስ ስትል ጮኸ።

አውቶቡሱ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበረ። ሦስት ተማሪዎች፣ ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳ የያዙ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል የዋና ፎጣቸውን ይዘው የሚሄዱት ሽማግሌ፣ ሌሎችም። ሽማግሌው ከሰኞ እስከ አርብ ስድስት ዓመት ሙሉ አብረዋት ተጉዘዋል። ሲገቡ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ ያደርጋሉ፣ እሷም ዝቅ ታደርጋለች፤ አንዲት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። ሰላም ነው።

አንዴ ጮኸ። ሁለቴ። ማቆሚያው ገና ነው። ሦስቴ። ሜርቪ በሕይወቷ እንደዚያ ነድታ አታውቅም። በአምስተኛው ጩኸት የፊት ጎማው ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተፋጨ፣ ፍሬኑን ጎተተች፣ ስልኩን ከመያዣው ለመንቀል ጊዜ አልነበራትምና እዚያው እንዳለ ነካችው። የአንዲት ሴት ድምፅ በስልኩ ማጉያ አውቶቡሱን ሞላው።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ኢርሜሊ እባላለሁ፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ደውለሽልን ነበር። በምን ልርዳሽ?"

አውቶቡሱ አዲስ ነው፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ሲቆም የዝንብ ክንፍ ይሰማል። ሜርቪ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች።

"አልሰማሁሽም። ጮክ ብለሽ ተናገሪ።"

"ነፍሰ ጡር ነኝ" አለች ሜርቪ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አሥራ አንድ ራስ በአንድ ጊዜ ወደ መስኮት ዞረ። ውጭ ከጭቃ በረዶና ከአንድ የጎማ መጋዘን በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ሁሉም ጎማውን አተኩሮ ማየት ያዘ።

"እንኳን ደስ አለሽ። ስንተኛ ሳምንትሽ ይመስልሻል?"

"ስድስት ሊሆነኝ ነው።"

"ከዚህ በፊት ወልደሻል?"

"አንድ።"

"ያኔ ያጋጠመሽ ችግር ነበር?"

"ትንሽ የደም መርጋት ነገር ነበር።"

ትንሽ አለች እንግዲህ። በስልኩ ውስጥ ይሰማ የነበረው የኮምፒውተር ቁልፍ ድምፅ ቀጥ አለ።

"የት ነበር የረጋው?"

"እግሬ ላይ። ኋላ ሳንባዬም ላይ።"

"መርፌ ጀምረሻል?"

"አልጀመርኩም። ለሱ ነው የምደውለው።"

"አሁን እግርሽ እንዴት ነው? ሕመም፣ እብጠት አለ?"

ሜርቪ ሰዓቱን አየች። ስድስት ደቂቃ አርፍዳለች። አዎ ካለች ከመሪው ያስነሷታል። ተተኪ ሾፌር እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ይሄ ሁሉ ሰው ብርድ ላይ ሊቆም ነው፣ ባቡር የሚያመልጠው አለ፣ ከኋላ ያለው አውቶቡስ ይታፈናል። ይሉኝታ ያዛት። ሥራዋን ጨርሳ ማታ ብትሄድስ? ጥቂት ሰዓት ምን ያመጣል?

"የለም" አለች። "ደህና ነኝ። ቀጠሮ ብቻ ብትሰጪኝ።"

"ጥሩ። እንግዲያው ረቡዕ ጠዋት—"

"ታነክሳለች" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ነርሷ ቀጠሮውን ተወችው። "ይቅርታ፣ ማነው የተናገረው?"

ሽማግሌው ተነስተው ምሰሶውን ይዘው ቆመዋል። የተናገሩት ለስልኩ ነው፤ ሜርቪን አላዩዋትም። "ተሳፋሪ ነኝ። ልጅቱ ታነክሳለች። ዛሬ መስታወት ልትጠርግ ስትወርድ ግራ እግሯን ትጎትት ነበር። አርብ አላነከሰችም።"

የሜርቪ ፊት በርበሬ መሰለ። "አባባ፣ በማያገባዎት ባይገቡ ደስ ይለኛል።"

"ስድስት ዓመት ያልገባሁት ስለማያገባኝ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ዛሬ ጨነቀኝ።"

"እስቲ ሱሪሽን ገልጠሽ አሳዪን" አሉ ባለ ቦርሳዋ ሴትዮ፣ የራሳቸውን ልጅ እንደሚያዙ ሁሉ። "አራት ወልጃለሁ፤ እግር አይቼ አውቃለሁ።"

"ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው" አለ ስልኩ። "ሁለቱንም ባትሽን ጎን ለጎን እዪና ንገሪኝ።"

ምን ታድርግ። ከወንበሯ ዞራ የሱሪዋን ሁለቱንም እግር ወደ ላይ ሰበሰበች። ቀኙ የወትሮው እግር ነው። ግራው ተነፍቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ካልሲው የያዘበት ቦታ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ሆኗል። አንደኛው ተማሪ "አቤት" አለና አፉን ያዘ። ሜርቪ እግሯን እንደ ባዳ አየችው፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

"ያበጠ ነው" አለች። "ይሞቃል ደግሞ።"

"ትንፋሽ ያጥርሻል?"

"ጠዋት ደረጃ ስወጣ... አዎ። ሁለት ጊዜ ቆሜ ነው የወጣሁት።"

"መጋዘኖቹ ጋ ነን፣ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ" አሉ ሽማግሌው።

"ከዚያ ወንበር እንዳትነሺ። አምቡላንስ በሌላ መስመር እየጠራሁ ነው፤ እስኪደርስ አልዘጋብሽም።"

"አውቶቡሱስ?"

ይኸውላችሁ ሜርቪ። ነርሷ ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ነበረች። "አውቶቡሱ አይሞትም" አለቻት።

አምቡላንሱ አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ። ወደ ከተማ የሚሄዱ ሁለት ሌሎች አውቶቡሶች አጠገባቸው እየቆሙ ሄዱ፤ ከአሥራ አንዱ አንድም ሰው አልወረደም። አንዷ ተማሪ ለኩባንያው ደወለች። ሴትዮዋ ካፖርታቸውን አውልቀው ሜርቪ ጉልበት ላይ ጣሉት። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ሊሳፈር የሚመጣውን "አይሄድም" እያሉ መለሱ። ሜርቪ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትንፋሿን ትቆጥር ነበር። ደረቷን ባሳከካት ቁጥር ደሙ ሳንባዬ ደረሰ ትላለች።

ሆስፒታል ሲያዩት ደሙ ከጉልበቷ ኋላ እስከ ጭኗ ረግቷል። ሳንባዋ ገና ንጹሕ ነው። ወጣቷ ሐኪም "ዛሬ ሥራሽን ጨርሰሽ ቢሆን የመጣሽው..." ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው መርፌውን አነሳች። ከዚያ ማኅፀኗን አዩ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች፣ መሃሏ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገብ። "ቃል አልገባልሽም" አለች ሐኪሟ። "መንገዱ ረጅም ነው፤ መርፌው አንድ ቀን አይዘለልም። ዛሬ ግን ሁለታችሁም አላችሁ።"

ፋብሪካው ውስጥ በመጋዙ ጩኸት ስልክ አይሰማምና አለቃው ቬሳን ጠርቶ አገናኛት።

"ሆስፒታል ነኝ" አለችው። "ደህና ነኝ። አርግዣለሁ። እግሬ ላይ ደም ረግቷል፤ መርፌ ጀምረውልኛል።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ሐሙስ።"

"ሐሙስ" አለ ቬሳ። ከዚያ፣ "ለማን ነገርሽ?"

"አውቶቡስ ውስጥ ላሉት። ወድጄ አይደለም።" ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ሽማግሌው ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ።

ቬሳ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። "ማን ይባላሉ?" ብቻ አለ። አላውቅም አለችው። ስድስት ዓመት አመላልሳቸው ስማቸውን አታውቅም።

ቀጥሎ የሆነውን ኋላ ቬሳ ነው የነገራት። በማግስቱ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ አምስት ቁጥር ላይ ተሳፈረ። ሌላ ሾፌር ነው የሚነዳው። ሦስተኛው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል ፎጣ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነው፤ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ሰው አጠገብ መቀመጥ እዚህ አገር የሰከረ ሰው ሥራ ነው። ቬሳ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉለት።

ሦስት ማቆሚያ አለፉ። ቬሳ ሌሊቱን ሲያዘጋጀው ያደረው ንግግር ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም።

"ባለቤቴ ናት" አለ በመጨረሻ።

ሽማግሌው ዞረው አዩት፤ ከእግር እስከ ራሱ። "ሳንባዋስ?"

"አልደረሰም።"

ሽማግሌው ፎጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። መጋዘኖቹ ጋ ደርሰው እስኪያልፉ ጠበቁ።

"ልጁስ?"

"ልቡ ይመታል" አለ ቬሳ።

ሽማግሌው አገጫቸውን ዝቅ አደረጉ። የመዋኛ አዳራሹ ማቆሚያ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ፤ አልወረዱም። ሁለቱ እስከ ባቡር ጣቢያ ድረስ ጎን ለጎን ዝም ብለው ሄዱ።